ስለ ምንጣፍ አበባ፤ የሠሪዎቹ ታሪክና የምሳሌው ትርጓሜ

በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ስጋጃ ተነጥፎ ያላየ ምእመን የለም። ጫማውን በደጅ አውልቆ ሲገባ በባዶ እግሩ የሚረግጠው ብዙ ጊዜ አበባ ነው፤ በመካከሉ ክብ ሆኖ የፈካ፣ በዳርቻውም እየተጠማዘዘ የሚዞር አበባ። ዓይን ግን ወደ መጋረጃውና ወደ ሥዕሉ ስለሚሳብ ከእግር በታች ያለውን የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ ያ አበባ በየት አገር እንደ በቀለ፣ ማን እንደ ዘራው፣ ምንስ እንደሚል ሳይጠየቅ ይኖራል።

አበባን ለእግዚአብሔር ቤት ጌጥ ማድረግ የቈየ ሥርዓት ነው። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤል የሠራው የወርቅ መቅረዝ የለውዝ አበባ የሚመስሉ ጽዋዎች ነበሩት፤ የሊቀ ካህናቱ የአሮን ቀሚስም በታችኛው ዘርፉ ከግምጃ በተሠራ ሮማን ያጌጠ ነበር። ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲሠራ በግድግዳው ዙሪያ የዘንባባ ዛፍና የፈነዳ አበባ አስቀረጸበት። በኢትዮጵያ ደግሞ ቍም ጸሐፊ በመጽሐፉ ራስ ላይ የሚስለውን ጌጥ ሐረግ ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙ ራሱ ጌጡ ከምን እንደ ተወለደ ይናገራል። ሸማኔ በነጠላው ዳር የሚያወጣው ጥለት የዚሁ የሐረግ ታናሽ ወንድም ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን በዘመነ ጽጌ አባ ጽጌ ብርሃን የደረሱትን ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም የሚያድር ሕዝብም አበባ ምሳሌ ሊሆን እንደሚችል ከሌላ ሰው መማር አያሻውም። የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ በበግ ጠጕር ባናና በርኖስ ሲሠራ ኖሯል። በቋጠሮ የሚሠራው ባለአበባ ስጋጃ ግን የእስያ ልጅ ነው፤ ታሪኩም ከዚያ ይጀምራል። (ከዚህ በታች የሚጻፈው ዘመን ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

እስከ ዛሬ ከተገኙት የቋጠሮ ምንጣፎች ሁሉ ሙሉ ሆኖ የቈየው ጥንታዊው በ1949 ሰርጌይ ሩደንኮ የተባለ የመስኮብ ሊቅ በሳይቤሪያ በአልታይ ተራሮች ውስጥ ፓዚሪክ በተባለው ስፍራ ያገኘው ነው። ምንጣፉ ከአንድ ባላባት ጋር በመቃብር ተቀብሮ ነበር። ሌቦች ከጥንት መቃብሩን ሰብረው ወርቁን ወሰዱ፤ በሰበሩትም ቀዳዳ ውሃ ገባ፤ ውሃውም በረዶ ሆነ፤ በረዶውም የናቁትን ምንጣፍ ከ2,200 ዓመት በላይ ጠበቀው። ሌባ ሳይገባ ቢቀር ኖሮ ውሃው አይገባም፤ ምንጣፉም በስብሶ በጠፋ ነበር። በዳርቻው ፈረሰኞችና ዋላዎች ይሄዳሉ፤ በመካከሉ ግን 24 አራት ማዕዘኖች ተሰልፈው በእያንዳንዱ ውስጥ ሎተስ የተባለው የውሃ አበባ እንደ መስቀል በአራት አቅጣጫ ተዘርግቷል። እንግዲህ ከሚታወቀው የመጀመሪያ ምንጣፍ ጀምሮ መካከለኛው ስፍራ የአበባ ነበረ ማለት ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ምንጣፍ ዛሬ የለም። ታሪክ ጸሐፊው ጣበሪ እንደ ተረከው፣ በፋርስ ነገሥታት ከተማ በክቴሲፎን አዳራሽ ርዝመቱ 60 ክንድ ወርዱም 60 ክንድ የሆነ፣ የአትክልት ስፍራ የተሣለበት ምንጣፍ ነበረ። መሬቱ በወርቅ፣ ወንዙ በዕንቍ፣ ቅጠሉ በሐር ተሠርቶ ነበር። ንጉሡም በክረምት ብርድ አበባ ሁሉ በረገፈ ጊዜ በላዩ ተቀምጦ ግብዣ ያደርግ ነበርና የኮስሮ ጸደይ ተባለ። በ637 የዐረብ ሠራዊት ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ምንጣፉ ወደ መዲና ተወሰደ፤ በዚያም ለጦሩ ምርኮ እንደሚከፈል በመቀስ ተቈራርጦ ታደለ። ዓሊ የደረሰውን ቍራጭ በ20,000 ድርሃም ሸጠው ይባላል። የንጉሥ ገነት እንዲህ ተበተነች። ይህ ታሪክ በልብ ይያዝ፤ ኋላ የድኾች ገነት ሲነገር ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ሥራው እንዲህ ነው። ድሩ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወጠራል። ሴቲቱ ከፊቱ ተቀምጣ ቀለም የተነከረውን የጠጕር ክር በሁለት ድሮች ላይ ትቋጥርና ጫፉን በቢላ ትቈርጣለች፤ አንድ ተራ በሞላ ጊዜ ማጉን ታሳልፋለች፤ ጥርስ ባለው መምቻም እየመታች ታጠብቀዋለች፤ በመጨረሻ የቆመውን ጠጕር በመቀስ ታስተካክለዋለች። እያንዳንዱ ቋጠሮ አንዲት ነጥብ ቀለም ነው። አበባው የሚወለደው ከነጥቦቹ ብዛት እንጂ ከብርሽ እንቅስቃሴ አይደለም።

የነገሥታት ምንጣፍና የመንደር ምንጣፍ የሚለያዩበትም ምክንያት ይህ ነው። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው፣ በ1539 ወይም በ1540 በፋርስ የተፈጸመው የአርደቢል ምንጣፍ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ካሬ ከ50 በላይ ቋጠሮ አለው፤ በዚህ ዓይነት ሥራ ቅጠሉ እንደ ተፈጥሮው ሊታጠፍ፣ ግንዱም ሊጠማዘዝ ይችላል። የመንደር ሴት ግን በዚያው ስፍራ 10 ወይም 15 ብትቋጥር ነው። ስለዚህ ጽጌ ረዳዋ ስምንት ማዕዘን ትሆናለች፤ ግንዱ እንደ ደረጃ ይወጣል፤ ቅጠሉ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው ባላገር ሥዕል አያውቅም ይላሉ። ነገሩ ግን የዕውቀት ጕድለት አይደለም፤ ጥቂት ቋጠሮ ያለው ሸማኔ ክብ ነገርን ማዕዘን ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ከግድ የመጣውንም መልክ እንዲያምር ማድረግ የጥበብ ሁሉ ጥበብ ነው። ደግሞ በከተማ ሥራ ቤት ሠሪው በወረቀት የተሣለ አርኣያ በፊቱ ይሰቀልለታል፤ የመንደሯ ሴት ግን አርኣያዋ በልቧ ነው። ከእናቷ ሲሠራ ያየችውን ትቋጥራለች፤ በመካከል ክር ቢያልቅባት በሌላ ቀለም ትቀጥላለች፤ በአንዱ ማዕዘን የነበረው አበባ በሌላው ማዕዘን ስፍራ ቢጠበው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። የቃል ትምህርት በደብተራ ቤት እንደሚተላለፍ ያለ ነው፤ ቃሉ አንድ ሲሆን ዜማው ከአገር አገር ይለያያል።

ቀለሙም ከአበባና ከሥር ነበር። ቀዩን የሚሰጥ የታወቀ የተክል ሥር ነበረ፤ ሰማያዊው ከኢንዲጎ ቅጠል፣ ብጫው ከሮማን ልጣጭና ከልዩ ልዩ የሜዳ አበባ ይወጣ ነበር። አርመኖች ደግሞ በአራራት ሜዳ ከምትገኝ ከአንዲት ታናሽ ትል እጅግ የከበረ ቀይ ያወጡ ነበር። በ1856 ፐርኪን የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ከከሰል ቅጥራን ቀለም ማውጣትን አገኘ፤ በ1868ም የጀርመን ሊቃውንት የሥሩን ቀይ በብልሃት ሠሩት። ከዚያ ወዲህ ርካሹ ቀለም ወደ ምሥራቅ ገበያ ጐረፈ፤ የመጀመሪያዎቹም ፀሐይ ሲመታቸውና ውሃ ሲነካቸው የሚለቁ ነበሩና በዚያ ዘመን የተቋጠረው ጽጌ ረዳ ከሠሪዋ በፊት ጠወለገ። የፋርስ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ይህን ቀለም ከለከለ፤ ክልከላው ግን ነጋዴውን ብዙም አላቆመውም።

ወደ ትርጓሜው እንመለስ ቢባል፣ ጥንቃቄ የሚያሻው በዚህ ነው። የምንጣፍ ነጋዴ ሁሉ ለእያንዳንዱ አበባ አንድ ምሥጢር አለው፤ ይህ ዘላለማዊነት ነው፣ ያ መራባት ነው እያለ ዋጋውን ያስወጣበታል። የሠሪዎቹ አነጋገር ግን ከዚህ ይለያል። በሔራት ከተማ ስም የሚጠራ አንድ የታወቀ ጌጥ አለ፤ በመካከሉ አበባ፣ በዙሪያውም አራት የታጠፉ ቅጠሎች ናቸው። ፋርሶች ይህን ማሂ ይሉታል፤ ትርጓሜው ዓሣ ነው፤ ቅጠሎቹ በኵሬ ዙሪያ የሚዋኙ ዓሦችን ስለ መሰሏቸው ነው። እንግዲህ አበባ ነው ወይስ ዓሣ? ቦቴ የተባለው፣ ጫፉ የታጠፈ ፍሬ የመሰለው ጌጥም አንዱ ለውዝ፣ አንዱ በነፋስ የጐበጠ ዛፍ፣ አንዱ የእሳት ነበልባል ይለዋል፤ ቃሉ ግን በፋርስ ቋንቋ ቍጥቋጦ ማለት ብቻ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የኤውሮጳ ጨርቅና ሥዕል በተስፋፋ ጊዜ የፋርስና የካራባግ ሸማኔዎች ድቡልቡል ጽጌ ረዳ መሥራት ጀመሩ፤ ስሙንም ጎል ፋራንግ አሉት፤ ይኸውም የፈረንጅ አበባ ነው። ፈረንጁ ግን ያንኑ ምንጣፍ ገዝቶ ወደ አገሩ ሲወስድ የምሥራቅን ምሥጢር የወሰደ ይመስለው ነበር።

ይህ ማለት ግን አበባው ባዶ ነው ማለት አይደለም። እርግጠኛ ምሥጢር ያለባቸውም አሉ። በቱርክ አገር በጸሎት ምንጣፍ ላይ ቱሊፕ የተባለው አበባ ተደርድሮ ይታያል። በዐረብ ፊደል የዚህ አበባ ስም ላሌና አላህ የሚለው ስም በአንድ ዓይነት ፊደላት ይጻፋሉ፤ የሚለየው ተራቸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እስላሞቹ አበባውን የፈጣሪ ስም መታሰቢያ አድርገው አከበሩት። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አበባው ሰም፣ ስሙ ወርቅ ሆኖ ተቀምጧልና። ነገር ግን ሰም በሌለበት ወርቅ የሚያፈስ ባለቅኔ የለም፤ ምንጣፍንም የሚተረጕም ሰው አስቀድሞ ሰሙን ይመልከት፤ ማን ሠራው፣ በምን ቋንቋ ጠራው፣ በማን ደጅ ተነጠፈ ብሎ ይጠይቅ።

ሰሙም ወርቁም ባንድነት ከሚገኙባቸው አገሮች አንዲቱ አርመን ናት። የአርመን ሕዝብ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በሃይማኖት አንድ ናት። አርመኖች ኻችካር የሚሉት፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ መስቀል አላቸው፤ በኖራቱስ መካነ መቃብር ብቻ በመቶ የሚቈጠር ቆሟል። በዚህ ድንጋይ ላይ ከመስቀሉ ሥር ግራና ቀኝ ቅጠል ያቈጠቍጣል፤ ደረቁ ዕንጨት እንደ ለመለመ፣ መስቀሉም ዕፀ ሕይወት እንደ ሆነ የሚሰብክ ነው። ይኸው ቅጠል በብራና መጻሕፍታቸው ዳርቻ ይገኛል፤ ይኸው በምንጣፋቸው ላይ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት ማርኮ ፖሎ በታናሽ እስያ ሲያልፍ ያማሩ ምንጣፎችን የሚሠሩት በከተሞች የሚኖሩ አርመኖችና ግሪኮች እንደ ሆኑ ጽፏል።

በ1700 ግድም በካራባግ በኩል ጎሃር የምትባል አንዲት ሴት ምንጣፍ ፈጽማ በዳርቻው ላይ በአርመን ፊደል ስሟን ቋጠረች። ኃጢአተኛና ደካማ መሆኗን ገልጣ፣ አዲስ በተማሩ እጆቿ እንደ ሠራችው ነግራ፣ የሚያነበው ሰው ምሕረት እንዲለምንላት ትማጠናለች። የኢትዮጵያ ብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ፣ ጸሐፊውን በጸሎታችሁ አስቡት፣ ብሎ ስሙን እንደሚተው ያለ ነው። ከዚያ ዘመን የምንጣፍ ሠሪ ሴቶች ሺህ ጊዜ ሺህ የሚቈጠሩት ያለ ስም ሲያልፉ፣ እርሷ ግን በአበባዋ መካከል ቀረች።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ታሪክ መራራ ነው። በ1915 በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ውስጥ በአርመኖች ላይ እልቂት ሆነ፤ የሞቱት ቍጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች ይቈጥራሉ። ወንዶቹ ታረዱ፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። ምንጣፍ የሚሠራባቸው መንደሮች ባዶ ሆኑ፤ በልብ የተያዘው አርኣያም ከባለልቦቹ ጋር ተቀበረ። በአሜሪካ የተቋቋመው የቅርብ ምሥራቅ ረድኤት ማኅበር ከሕዝብ ገንዘብ እየለመነ 132,000 ያህል ወላጅ አልባ ልጆችን አሳደገ። በ1922 ያኮብ ኪውንስለር የተባለ የስዊስ ሰው ከሚስቱ ጋር 8,000 የሚያህሉ ሕፃናትን ከቱርክ አገር አውጥቶ ወደ ሶርያና ወደ ሊባኖስ አሻገረ። ከቤይሩት በስተ ሰሜን ባሕሩን ከላይ በምታይ በጋዚር መንደር የሴቶች ልጆች ማሳደጊያ ነበረ፤ ኪውንስለርም በዚያ የምንጣፍ ሥራ ቤት አቆመ። እናቶቻቸው ሊያስተምሯቸው ያልታደሉትን ቋጠሮ ልጆቹ ከባዕድ ቤት ተማሩት።

ከዚህ ሥራ ቤት አንድ ታላቅ ምንጣፍ ወጣ። ርዝመቱ 5.6 ሜትር፣ ወርዱ 3.5 ሜትር ያህል ነው፤ ቋጠሮው ተቈጥሮ 4,404,206 ሆነ። ይህ በሴንቲሜትር ካሬ 22 ቋጠሮ ያህል ነው፤ ከመንደር ሥራ የበለጠ፣ ከነገሥታት ሥራ ያነሰ። የተሣለበትም ገነት ናት፤ ዛፍና አበባ፣ እንስሳትና አዕዋፍ ሞልተውባታል፤ አዳኝም ታዳኝም በአንድ ሜዳ ይገኛሉ። እነዚህ ልጆች ዓይናቸው ያየው ሌላ ነበር፤ እጃቸው የሠራው ግን ይህ ሆነ። ኮስሮ ክረምቱን ለመርሳት በዕንቍ ጸደይ አስሠራ፤ እነርሱ ግን በበግ ጠጕር የሠሩትን ለራሳቸው አላስቀሩትም፤ ላበላቸው ሕዝብ ምስጋና አድርገው ሰደዱት። በታኅሣሥ 1925 ምንጣፉ በዋሽንግተን ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተሰጠ፤ በጀርባውም የስጦታው ምክንያት ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም ሰዎች እንዲያደርጉላችሁ የምትወዱትን አድርጉላቸው የሚለው የወንጌል ሕግ ምስጋና እንደ ሆነ ነው። ፕሬዚዳንቱም በቤተ መንግሥቱ የክብር ስፍራ እንደሚሰጠው በደብዳቤ መለሰ።

በዚያው ዘመን የእነዚሁ ልጆች ወንድሞች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ በአርመኖች ገዳም ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው 40ዎቹን ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ሕዝቡም አርባ ልጆች አላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የደረሰው መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። ከአንዱ እልቂት ከተረፉት ለወንዶቹ መለከት ደረሳቸው፣ ለሴቶቹም ክር። መለከቱ በአደባባይ ሲሰማ፣ የክሩ ነገር ግን ከቤት ውስጥ ቀረ።

ኩሊጅ በ1929 ሥልጣኑን ሲለቅ ምንጣፉን ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ቤተሰቡም በ1982 ወደ ቤተ መንግሥቱ መለሰው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የኖረው በዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ነው። እልቂቱን በእልቂት ስሙ መጥራት ለአሜሪካ መንግሥት ለብዙ ዘመን የከበደ ነገር ነበር፤ ምክር ቤቶቹ በውሳኔ የጠሩት በ2019፣ ፕሬዚዳንቱም በመግለጫ የጠራው በ2021 ነው። በመካከል በ2013 ስለ ምንጣፉ የተጻፈ መጽሐፍ በስሚዝሶኒያን ሊመረቅ ታስቦ ምንጣፉ ለአንድ ቀን እንዲታይ ቢለመን ፈቃድ አልተገኘም፤ ብዙ ሰዎችም ቱርክን ላለማስቀየም ነው ብለው አጕረመረሙ፤ የምክር ቤት አባሎችም ደብዳቤ ጻፉ። አበባና ወፍ ብቻ የተሣለበት፣ አንድም የክስ ቃል የሌለበት ጨርቅ እንዲህ መፈራቱ የሚያስገርም ነው። በኋላ ከኅዳር 18 እስከ 23 ቀን 2014 በቤተ መንግሥቱ የእንግዶች መቀበያ ለሕዝብ ተዘርግቶ ታየ። በአጠገቡም ሁለት ሌሎች የምስጋና ስጦታዎች ቆመው ነበር፤ አንዱ ከፈረንሳይ ለፕሬዚዳንት ሁቨር የተላከ የሴቭር ሸክላ፣ ሁለተኛውም በ2011 ከደረሰባት የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል በኋላ ከጃፓን የተላከ፣ እንደ ብርጭቆ በጠራ ነገር ውስጥ የታተመ ያበበ ቅርንጫፍ።